የአምፕሊፋየር መዳብን በቤት ውስጥ፣ ያለ ሳያናይድ፣ በብር መለበጥ

ብር ከመዳብ የተሻለ አስተላላፊ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በስንት እንደሚበልጥ የሚያሰላው ግን ጥቂት ሰው ነው። የብር ሬዚስታንስ ከመዳብ የሚያንሰው በ5 ከመቶ ገደማ ነው። በራዲዮ ፍሪኩዌንሲ ከረንቱ የሚሄደው በብረቱ ቆዳ ላይ ብቻ ስለሆነ የሚቆጠረው የዚህ ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙ ወደ 3 ከመቶ ይወርዳል። 1000 ዋት የሚያወጣ የ144 ሜጋኸርዝ አምፕሊፋየር (የራዲዮ ማሰራጫን ጉልበት የሚያሳድገው መሣሪያ) በታንኩ፣ ማለትም ኮይልና ካፓሲተር ባሉበት የማስተካከያ ክፍሉ ውስጥ 50 ዋት የሚያባክን ቢሆን፣ ታንኩን በሙሉ በብር ለብጣችሁ የምታድኑት 1.5 ዋት እንኳ አይሞላም።

የልባጡ ዋጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መጋጠሚያው ላይ። የቲዩቡን (የቫኪዩም ቱቦውን) አኖድ የሚይዙት፣ እንደ ጣት የተደረደሩት የጣት ስፕሪንጎች፣ በብሎን የሚታሰረው የመዳብ ሰሌዳ ጫፍ፣ ለማስተካከያ የሚንሸራተተው ክፍል ሁሉ ከረንቱን የሚያሳልፉት በጥቂት የመነካኪያ ነጥቦች ነው። መዳብ በአየር ላይ ሲሞቅ ኦክሳይድ ያበቅላል፤ ይህ ኦክሳይድ ደካማ አስተላላፊ ነው። ነጥቡ ይበልጥ ይሞቃል፣ ኦክሳይዱም ይወፍራል፣ መጨረሻው መቃጠል ነው። ብር ግን በአየር ላይ ቢሞቅም በቀላሉ ኦክሳይድ አያደርግም፤ ለስላሳም ስለሆነ ሲጫኑት ተደፍጥጦ ሰፊ መነካኪያ ይሰጣል። ስለዚህ ብሩ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን ለብጡ፤ ሰፊው ሰሌዳ ቆይቶ ይደርሳል።

ለ14 ሜጋኸርዝና ከዚያ በታች ለሚሠራ አምፕሊፋየር ኮይሉን መለበጥ ድካሙን አይመልስም። እዚያ የመዳቡን ገጽ አለስልሶ ማጽዳትና መጋጠሚያውን ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል።

የልባጡ ውፍረት

በብር ውስጥ የቆዳው ጥልቀት በ14 ሜጋኸርዝ 17 ማይክሮ ሜትር፣ በ50 ሜጋኸርዝ 9፣ በ144 ሜጋኸርዝ 5.3፣ በ432 ሜጋኸርዝ 3፣ በ1296 ሜጋኸርዝ ደግሞ 1.8 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። የዚህ ሁለት እጥፍ የወፈረ ልባጥ ከረንቱን ከሞላ ጎደል በብሩ ውስጥ ያስቀረዋል። ለ144 ሜጋኸርዝ 10 ማይክሮ ሜትር፣ ለ432ና ከዚያ በላይ ከ5 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ያዙ። ለሚንሸራተት መነካኪያ ግን ፍሪኩዌንሲው ምንም ይሁን ከ10 በታች አትውረዱ፤ ፍትጊያ ይበላዋል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ከረንቱ የሚሄደው በ5 ማይክሮ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት የተተወ ጭረት ለእርሱ ሸለቆ ነው። ሸለቆውን ወርዶ መውጣት መንገዱን ያረዝመዋል። ማለስለስ ከብሩ ያልተናነሰ ጥቅም የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሥራውን ለባለሙያ ለባጭ የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ተናገሩ፦ ከብሩ ሥር ኒኬል እንዳይገባ። ለጌጣጌጥና ለማንኪያ ኒኬሉ ጥሩ መደብ ነው። ለራዲዮ ግን ማግኔታዊና ደካማ አስተላላፊ ስለሆነ፣ ብሩ ሳሳ ባለበት ሁሉ ከረንቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ስለ ሳያናይድ

ፋብሪካዎች ብር የሚለብጡት በአብዛኛው በሳያናይድ ፈሳሽ ነው፤ ውጤቱ የሚያምርና ጠንካራ ነው። ቤት ውስጥ ግን አይሞከርም። አሲድ ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ይህ ሥራ ደግሞ ያለ አሲድ አይሆንም። እዚህ የተገለጸው ዘዴ ብሩን የሚያሟሟው በሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ የፎቶና የራጅ ፊልም አጣቢዎች ሃይፖ የሚሉት ጨው። ከሳያናይድ ጋር ሲነጻጸር ጉዳት የለሽ ነው ማለት ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለግማሽ ሊትር ፈሳሽ 20 ግራም ሲልቨር ናይትሬት (በውሃ የሚሟሟ የብር ጨው)፣ 8 ግራም ንጹሕ የገበታ ጨው፣ 200 ግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት በክሪስታል መልኩ፣ 25 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ የፒኤች ወረቀት (ፈሳሹ ምን ያህል አሲድ እንደሆነ የሚያሳይ) እና ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ሰልፋይቱ ታዮሰልፌቱ ፈርሶ ድኝ እንዳይለቅ ይጠብቀዋል፤ ያለ እርሱ ፈሳሹ ዕድሜ የለውም። ሰልፋይት ጠፍቶ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ብቻ ከተገኘ 20 ግራም ወስዳችሁ ለብቻው በውሃ አሟሙ፤ ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ የፒኤች ወረቀቱ 9 እስኪያሳይ ጠብቁ። አረፋ ስለሚያወጣ ሰፊ ዕቃ ተጠቀሙ።

ለአኖድ የሚሆነው፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ ከፖዘቲቩ ጋር የሚያያዘው ብር ንጹሕ መሆን አለበት፤ 999 የሚባለው። በጅማ ይህን የሚያገኝላችሁ አንጥረኛ ነው። ለጌጥ የሚሸጠው ብር እንዲጠነክር መዳብ ስለሚገባበት፣ «መዳብ ያልገባበት፣ የነጠረ ብር» ብላችሁ ጠይቁ። 26 ግራም ያህል ብር በማሽኑ አሳስቶ 10 ሴንቲ ሜትር በ2.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት ቁራጮች ቢያወጣላችሁ የሁለቱ ገጽ በድምሩ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚያስበው የማርትሬዛ ብር አለ። ሳንቲሙ 28 ግራም ሲመዝን፣ ከ1000 እጅ 833 እጁ ብር ነው፤ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር ይወጣዋል ማለት ነው። እንዳለ አኖድ ማድረግ ግን አይበጅም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ወደ ፈሳሹ ገብቶ ያበላሸዋል። ማንጠር ይቻላል፤ የሚነጠረው በናይትሪክ አሲድ ስለሆነና ቡናማው ጢስ ሳንባን ስለሚያቃጥል ይህን ሥራ ለአንጥረኛው ተዉት። የምኒልክ ብርና የአያት ጌጥ ከሆነስ? እሱን ባለበት አቆዩት፤ ብር ሌላ ይገኛል።

ለሚዛን የወርቅ ቤት ዓይነት፣ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ይበቃል። የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ዕቃዎቹ ለዚህ ሥራ ብቻ ይለዩ፤ ወደ ማዕድ ቤት ተመልሰው አይገቡም።

ውሃው

የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ስላለበት ሲልቨር ናይትሬት ሲገባበት ወዲያው ወተት ይመስላል። ለባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ጥሩ ነው። የጅማ ክረምት ደግሞ ሌላ በረከት ያመጣል፦ የዝናብ ውሃ። ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ የወረደውን አትጠቀሙ፤ የቆርቆሮው ዚንክ አብሮት ይወርዳል። የፕላስቲክ ሳፋ በገላጣ ቦታ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጥ፤ ዝናቡ አቧራውን ካጠበ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ አስቀምጡት። በተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት። ለማለቅለቂያ ብዙ ውሃ ስለሚያልቅ ይህ ገንዘብ ይቆጥባል።

ፈሳሹን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ጓንትና መነጽር። ሲልቨር ናይትሬት ቆዳን ያጠቁራል፤ ቀለሙ ቆዳው እስኪቀየር ድረስ አይለቅም። ዓይን ከገባ ደግሞ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል።

20 ግራም ሲልቨር ናይትሬቱን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ። 8 ግራም ጨውን በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ለብቻው አሟሙና አጥሉ። የጨው ውሃውን በቀስታ እያማሰላችሁ ወደ ብሩ ፈሳሽ ጨምሩ። ወዲያው እንደ አይብ የሚቋጠር ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ይህ ሲልቨር ክሎራይድ ነው፣ 17 ግራም ያህል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ከላይ ወደ ጠራው ውሃ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ጣሉ። ካልደፈረሰ ብሩ በሙሉ ወርዷል ማለት ነው። የላዩን ውሃ አፍስሱ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ፣ ይርጋ፣ አፍስሱ፤ ሦስት ጊዜ። ዝቃጩን አታድርቁት፤ ፀሐይም አታሳዩት፤ ብርሃን ሲነካው ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይሄዳል።

በሌላ ዕቃ 25 ግራም ሰልፋይቱንና 200 ግራም ታዮሰልፌቱን በ300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙ። ታዮሰልፌት ሲሟሟ ውሃውን በጣም ያቀዘቅዘዋል፤ የማይሟሟ ቢመስልም ታግሳችሁ አማስሉ። ጥርት ሲል እርጥቡን ሲልቨር ክሎራይድ በማንኪያ በማንኪያ ወደ እርሱ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ብሩ ምንጊዜም በተትረፈረፈ ታዮሰልፌት ውስጥ መግባት አለበት፤ ታዮሰልፌቱ ካነሰው ነጩ ወደ ቢጫ፣ ወደ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ሲልቨር ሰልፋይድ ይሆናል፤ ይህ ሲሆን ብሩ ተበላሸ። ሲልቨር ናይትሬትን በቀጥታ ወደ ታዮሰልፌት መጨመር የማይመከረውም ለዚሁ ነው። ሁሉም ሲሟሟ ውሃ ጨምራችሁ 500 ሚሊ ሊትር ሙሉ። ፒኤቹ ከ8 እስከ 10 መካከል ይሁን፤ ዝቅ ካለ ትንሽ የልብስ ሶዳ ይጨመር።

ሁለት ነገር ከዚህ ፈሳሽ ይራቅ። አንዱ አሲድ ነው፤ አሲድ ሲገባ ፈሳሹ ድኝ ያወርዳል፣ የሚያፍነው የድኝ ጋዝም ይወጣል፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ሌላው አሞኒያ ነው። ብርና አሞኒያ ተደባልቀው ሲቆዩ ወይም ሲደርቁ በመንካት ብቻ የሚፈነዳ ነገር ሊፈጠር ይችላል። አሞኒያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃ በሥራው ጠረጴዛ አጠገብ እንኳ አይቀመጥ።

የኤሌክትሪክ ምንጩ

ሥራው የሚፈልገው ቮልቴጅ ከ1 ቮልት በታች ነው፤ መቆጣጠር ያለባችሁ ከረንቱን ነው። ከረንቱ በካሬ ዴሲ ሜትር፣ ማለትም በየ100 ካሬ ሴንቲ ሜትሩ፣ ግማሽ አምፔር ይሁን።

የግድግዳ መብራት ላይ አትመኩ። ልባጡ መሐል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ክፍሉ ያለ ከረንት ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፤ ይህ ምን እንደሚያመጣ ከታች ይገለጻል። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ለብዙ ቀን ሥራ ይበቃል። ከእርሱ ጋር አንድ ኤልኤም317 (ባለ ሦስት እግር የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አይሲ) እና አራት ባለ 10 ኦኽም ሬዚስተሮች ያዙ። የኤልኤም317 ጽሑፍ ወደ እናንተ ሲሆን እግሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ አጀስት፣ አውትፑት፣ ኢንፑት ናቸው። የባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ኢንፑት ይገባል። ሬዚስተሩ በአውትፑትና በአጀስት መካከል ይበየዳል። ከአጀስት የሚወጣው ሽቦ ወደ ብሩ አኖድ ይሄዳል። የባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መዳቡ ክፍል። የሚወጣው ከረንት 1.25 ለሬዚስተሩ ተካፍሎ ነው፦ አንድ 10 ኦኽም 125 ሚሊ አምፔር፣ ሁለት ጎን ለጎን 250፣ አራት ጎን ለጎን 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣሉ። በ500 ሚሊ አምፔር ኤልኤም317 ከ5 ዋት በላይ ስለሚያሞቅ የእጅ መዳፍ የሚያህል አሉሚኒየም ላይ ይታሰር፤ ጀርባው ከአውትፑት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አሉሚኒየሙ ሌላ ነገር እንዳይነካ።

ስሌቱ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው፦ አንድ አምፔር ሰዓት 4.025 ግራም ብር ያስቀምጣል። በአንድ ካሬ ዴሲ ሜትር ላይ 10 ማይክሮ ሜትር ለማውጣት 1.05 ግራም ብር፣ ማለትም 0.26 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። በግማሽ አምፔር ይህ 31 ደቂቃ ይወስዳል፤ በየ3 ደቂቃው አንድ ማይክሮ ሜትር ያህል። ለምሳሌ ከ6.35 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቱቦ የተሠራ፣ 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ኮይል የውጭ ገጹ 110 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ500 ሚሊ አምፔር 10 ማይክሮ ሜትር ለመድረስ ከ34 እስከ 35 ደቂቃ ይፈልጋል።

ማጽዳት፦ ዋናው ሥራ

ልባጥ ሲላጥ ጥፋተኛው ከ10 ጊዜ 9ኙ ጽዳት ነው። ስለዚህ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት እዚህ አጥፉ።

ከአምፕሊፋየር የተፈታ ክፍል ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የከፍተኛ ቮልቴጁን ካፓሲተር ከሻሲው (ከመሣሪያው የብረት አካል) ጋር በተያያዘና እጀታው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር በተሸፈነ ዘንግ አገናኙ። 2000 ወይም 3000 ቮልት የያዘ ካፓሲተር ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

መበሳት፣ ማጠፍና መሞረድ ከመለበጥ በፊት ያልቃሉ። ሹል ጠርዞችን በሞረድ አድቦልቡሉ፤ ከረንት ሹል ቦታ ላይ ስለሚከማች ብሩ እዚያ እንደ ቁጥቋጦ ይበቅላል። በሊድ የተበየደ ቦታ ላይ ብር በደንብ አይይዝም፤ ስለዚህ መለበጡ ይቅደም፣ መበየዱ ይከተል። የተለበጠውን ስትበይዱም 2 ከመቶ ብር ያለበት ሊድ ብትጠቀሙ ይመረጣል፤ ተራው ሊድ ልባጡን አሟሙቶ ይወስደዋል። ቱቦ ከሆነ ሁለቱን አፍ በሲሊኮን ድፈኑ፤ ውስጡ አይለበጥም፣ ከውስጡ የሚያንጠባጥብ አሲድ ግን ፈሳሹን ይገድላል።

በ400፣ ቀጥሎ በ800፣ ቀጥሎ በ1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁሌም በውሃ እያራሳችሁ አለስልሱ። የጣት ስፕሪንጎችን ግን አትፈትጓቸው፤ ብዙዎቹ ቤሪሊየም ያለበት መዳብ ናቸው፣ ብናኛቸውም ለሳንባ መርዝ ነው። እነርሱን በአሲድና በሳሙና ብቻ አጽዱ።

ከዚህ በኋላ ቅባት ማስለቀቅ ይመጣል። በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ 50 ግራም የልብስ ሶዳና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሟሙና በአዲስ የጥርስ ብሩሽ እሹት፤ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ባዶ እጅ አይነካውም። ፈተናው ውሃ ነው፦ ክፍሉን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡትና ግማሽ ደቂቃ ተመልከቱት። ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ገጹን በሙሉ ሸፍኖ ከቆየ ንጹሕ ነው። የሆነ ቦታ ተሰብስቦ ጠብታ ከሠራ፣ ወይም ደረቅ ክብ ከታየ፣ እዚያ ቅባት አለ፤ ተመልሳችሁ እሹ።

በመጨረሻ አሲድ። አንድ እጅ የባትሪ አሲድ በአራት እጅ ውሃ ይቀጠን፤ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ መዳቡ የሮዝ መልክ ይዞ ይወጣል። ሲትሪክ አሲድ 50 ግራም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃም ይሠራል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ለቤትም የተሻለ ነው። ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፣ 10 ግራም ሶዳ በሟሟበት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ንከሩ፣ እንደገና አለቅልቁ። የሶዳው ንክር የቀረውን አሲድ ስለሚገድል አይዘለልም። ከዚህ በኋላ ሳይደርቅ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ወደ መለበጫው ፈሳሽ ይግባ።

መለበጥ

ሁለቱን የብር ቁራጮች በዕቃው ሁለት ጎን ፊት ለፊት አንጠልጥሉ። ሁለቱም ከፖዘቲቩ ጋር ይገናኙ፤ የመዳብ ክሊፑ ወይም ሽቦው ግን ፈሳሹን እንዳይነካ። የሚለበጠውን ክፍል በመዳብ ሽቦ አንጠልጥላችሁ ከኔጌቲቩ ጋር አስቀድማችሁ አያይዙ፣ ከረንቱን ክፈቱ፣ ከዚያ ወደ ፈሳሹ አውርዱት።

ይህ የመላው ሥራ ቁልፍ ነው። ከረንት የሌለበት መዳብ ብር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ መዳቡ ራሱ እየሟሟ ብሩን በቦታው ያስቀምጠዋል። በሰከንዶች ውስጥ ነጭ ይሆንና ያለቀ ይመስላል፤ ግን ይህ ልቅ ዱቄት ነው። በላዩ የሚመጣው ጥሩ ብር በዱቄት ላይ ስለሚቀመጥ ሁሉም አብሮ ይላጣል። መብራት ሲጠፋ የሚመጣውም ጉዳት ይኸው ነው፤ ያላለቀው ልባጥ ላይ ክፍተት ባለበት ሁሉ መዳቡ ይሟሟል። በሥራ መሐል ከረንቱ ከተቋረጠ ወዲያው አውጡት።

የጅማ የክፍል ሙቀት ለዚህ ፈሳሽ ልክ ነው፤ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ማሞቂያ አይሻም። በየደቂቃው ክፍሉን በቀስታ አንቀሳቅሱት፣ በየ5 ደቂቃው ሩብ ዙር አዙሩት። ጥልቅ ጥግና የኮይል ውስጠኛ ገጽ ሁሌም ከውጩ ቀጭን ልባጥ ይደርሳቸዋል፤ ለእነርሱ ጊዜውን በሲሶ አርዝሙ። ቴስተሩን በአኖዱና በክፍሉ መካከል አድርጉ፤ ቮልቴጁ ከ1 ከዘለለ አኖዱ አንሷል ወይም ጥቁር ሽፋን ይዟል። አውጥታችሁ በብሩሽ እሹት።

ከዋናው ክፍል በፊት የሙከራ ቁራጭ ለብጡ፦ 5 በ2 ሴንቲ ሜትር መዳብ፣ ሁለት ገጹ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር። በ125 ሚሊ አምፔር ለ25 ደቂቃ ስትለብጡት 0.21 ግራም መጨመር አለበት፤ በፊትና በኋላ መዝኑት። ክብደቱ ከዚህ ብዙ ካነሰ ከረንቱ በሆነ ቦታ እየባከነ ነው። ከዚያ ቁራጩን እስኪሰበር ወዲያና ወዲህ እጠፉት፤ ጥሩ ልባጥ ከመዳቡ ጋር ይሰነጠቃል እንጂ እንደ ቅርፊት አይነሳም። ሌላ ቁራጭ በዳቦ ምድጃ 150 ዲግሪ ላይ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ፤ ጽዳት የጎደለበት ቦታ ሁሉ እየተነፋ ይታያል።

ሲበላሽ

ነጭ፣ ደብዛዛና ወጥ የሆነ ገጽ ጥሩ ነው፤ መስተዋት አትጠብቁ። ፋብሪካዎች ለማብረቅረቅ የሚጨምሩት ኬሚካል የብሩን አስተላላፊነት ይቀንሳል፤ ለራዲዮ ደብዛዛው ይሻላል።

ጠርዙ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ዱቄት ከታየ ከረንቱ በዝቷል። የገጹን ስፋት እንደገና አስሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሰሌዳውን ሁለተኛ ገጽ መደመር ነው፣ ያ ግን ከረንቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያበዛውም። ስለዚህ መልሱ ቁጥሩ ላይ ከሌለ አኖዱ ለጠርዙ በጣም ቀርቧል ማለት ነው፤ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ገጹ በሙሉ ቢጫ ወይም ግራጫ ከሆነ ፈሳሹ ድኝ እየለቀቀ ነው። ፒኤቹን ለኩ፤ ከ7 በታች ከሆነ በሶዳ አንሱት፣ 5 ግራም ሰልፋይት ጨምሩ፣ በወረቀት አጥሉት። የወተት መልክ ይዞ የማይጠራ ከሆነ ግን አልቋል፤ ብሩን ከውስጡ ማውጣት ነው የሚቀረው።

ልባጡ በጣት ጥፍር ሲነካ ከተነሳ ማዳን አይቻልም። በላዩ ሌላ ብር መጨመር ስህተቱን መቅበር ብቻ ነው። በ800 ቁጥር ወረቀት እስከ መዳቡ አንሱና ከሳሙናው ጀምሩ፤ የተነሳውን ብር ግን አትጣሉት።

ወደ ዕቃው የማይገቡ ትልልቅ ሰሌዳዎች

50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የመዳብ ሰሌዳ ጫፉ ብቻ በብሩሽ ዘዴ ይለበጣል። አንዱን የብር ቁራጭ በሁለት ዙር የሕክምና ጋዝ (ቁስል የሚሸፈንበት ስስ ጨርቅ) ጠቅልላችሁ በፈሳሹ አርሱት፣ ከፖዘቲቩ ጋር አያይዙት፣ ሰሌዳውን ከኔጌቲቩ ጋር። በ125 ሚሊ አምፔር፣ ሳታቆሙ ወዲያና ወዲህ አሹት፤ አንድ ቦታ ከቆመ ያቃጥለዋል። ብሩ በየትኛውም ጊዜ መዳቡን በቀጥታ እንዳይነካ ጨርቁ ሲሳሳ ቀይሩት። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መጋጠሚያ 10 ማይክሮ ሜትር ለመድረስ 25 ደቂቃ ይፈልጋል። ሰሌዳውን በሙሉ እንዲህ ልለብጥ ያለ ሰው በየካሬ ዴሲ ሜትሩ ከሁለት ሰዓት በላይ ያሻዋል፤ ጥቅሙ ደግሞ ከላይ የተባለው 3 ከመቶ ነው።

ያገለገለ የራጅ ፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ የሚያገኝ ሰውም አለ፤ ዲጂታል ራጅ ከመጣ ወዲህ እየጠፋ ቢሄድም። ውስጡ የሟሟ ብር ስላለ መዳብ ሲነከርበት ይነጣል። ግን ይህ ያው ያለ ከረንት የሚመጣው ልቅ ብር ነው፤ ከ1 ማይክሮ ሜትር በታች ነው፣ መነካኪያ ላይ አይቆይም። ፈሳሹ ለብር ማውጫነት ይጠቅማል እንጂ ለልባጥ አይሆንም።

ከልባጡ በኋላ

ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፣ የመጨረሻው በፈላ ውሃ ይሁን፤ ራሱ ቶሎ ይደርቃል። ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ታዮሰልፌት ከሳምንት በኋላ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መነካኪያ ላይ ቫርኒሽ አይቀባም።

ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ከላምባ፣ ከናፍጣና ከከሰል ጢስ፣ ከሽንኩርትና ከእንቁላል፣ ከጎማም ይመጣል፤ የጅማ እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የተለበጠ ክፍል በጎማ ላስቲክ አትሰሩ፣ ማዕድ ቤት አጠገብ አታስቀምጡ፤ አየር በማያስገባ ፌስታል ከሲሊካ ጄል ጋር ይቆይ። ስስ ጥቁረት ከረንቱን ብዙ አይጎዳም። የወፈረውን በሙቅ ውሃ፣ በልብስ ሶዳና በአሉሚኒየም ፎይል መመለስ ይቻላል፦ ክፍሉ ፎይሉን ነክቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። በብርጭቆ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይነካም።

መልሳችሁ ስትገጥሙ ነፋሻውንም አስቡ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ቲዩቡ ለባሕር ወለል ከሚጠይቀው የአየር መጠን 20 ከመቶ ጨምሩለት፤ አለዚያ የጣት ስፕሪንጎቹ ከሚገባው በላይ ይሞቃሉ፣ ልባጡም ዕድሜው ያጥራል።

ፈሳሹ በጥቁር ጠርሙስ፣ መርዝ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ለወራት ይቆያል። ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ውሃም ጭምር፣ ወደ ቦይ አይደፋ፤ ቦዩ አዌቱ ወንዝ ይገባል፣ የሟሟ ብርም ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው። በባልዲ ሰብስባችሁ ቅባት የሌለበት የድስት መፈተጊያ የብረት ሽቦ ጨምሩበት፤ የማይዝገው ዓይነት ግን አይሠራም። ብረቱ እየሟሟ ብሩ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በባልዲው ሥር ይወርዳል፤ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ በየቀኑ አማስሉት። ጭቃውን በጨርቅ አጥልላችሁ አድርቁትና ለአንጥረኛው ውሰዱት፤ አቅልጦ ለሚቀጥለው አኖድ ይመልስላችኋል።